ጎሮ ላይ የፈረሰው ድንኳን

ኤርሳዶ ሄራሞ ሲቆጣ መጀመሪያ የሚገተረው የግንባሩ ሥር ነው። ገርጂ መጋዘኑ ውስጥ አብረውት የሚሠሩት ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ ጠዋት ሲገባ ከሰላምታ በፊት ግንባሩን ያያሉ። ቁጣው ትንሽ ትልቅ አይለይም። ድንኳን ሳይደርቅ ለሚያጥፍ ሠራተኛም ይቆጣል፣ መብራት ለሚያጠፋ መንግሥትም ይቆጣል። ሚስቱ ዘርፌ "የዚህ ሰውዬ ቁርሱ ቁጣ ነው፤ እኔ የምሠራለት ምሳ ብቻ ነው" ትላለች።

ሥራው ድንኳን ማከራየት ነው። ድንኳን፣ ወንበር፣ ሞንታርቦ፣ ጄኔሬተር። ከገርጂ እስከ ጎሮ፣ ከዚያም እስከ ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየሞች ድረስ ሠርግ ያለበት ይደውልለታል፤ ሐዘን የገባበት ደግሞ ሳይደውልም ይደርስለታል። ለሐዘን ሲሆን ዋጋ አይነጋገርም። "መጀመሪያ ሰውየው ይቀበር" ይላል። በዚህ ሰፈሩ ያከብረዋል፤ በቁጣው ደግሞ ይስቅበታል።

አዲስ አበባ የመጣው በልጅነቱ ከደቡብ ነው። መርካቶ ሸክም ተሸከመ፤ ኋላ ለአንድ ድንኳን አከራይ ካስማ መቺ ሆነ። ሰውየው ሲያረጅና ልጆቹ ሥራውን ሲንቁት፣ የተጣፈው ድንኳኑ ለኤርሳዶ ተረፈ። ጎረቤት ቤት ተከራይታ ትኖር የነበረችውን የመንዟን ዘርፌን አገባ። ሔዋንን ወለዱ። ሔዋን ዛሬ ቦሌ አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ውስጥ ትሠራለች፤ እንደ እናቷ ምላሷ የማይታጠፍ፣ እንደ አባቷ ግንባሯ የሚገተር ልጅ ናት።

ኤርሳዶ ፖለቲካ የሚወድ ሰው አልነበረም። ወደዚያ የጎተተው ወንዝ ነው።

የተወለደበት መንደርና የወረዳው ገበያ መካከል አንድ ወንዝ አለ። በበጋ ልጅ ይሻገረዋል፤ በክረምት በሬ ይወስዳል። ታናሽ ወንድሙን ከገበያ ሲመለስ ወሰደው። አስከሬኑ የተገኘው ከታች ባለው ቀበሌ፣ የሸንኮራ ማሳ ጥግ ነው። ያኔ የወንድሙ ልጅ አብኔዘር ገና ዳዴ ይላል። ኤርሳዶ ቀብሮ ሲመለስ፣ እናቱን ቀድሞ ያጣውን ልጅ አዝሎት መጣና ገርጂ ከሔዋን ጋር አሳደገው።

ከቀብሩ በኋላ ድልድይ እንዲሠራ የመንደሩን ሽማግሌዎች ይዞ ወረዳ ሄደ። ወረዳ "ይህ የዞን ነው" አለ። ዞን "ይህ የክልል ነው" አለ። ክልል ያኔ ሐዋሳ ነበር፤ ብዙ ዞኖችን ባንድ ላይ የሚያስተዳድር፣ ለእነሱ መንደር ሩቅ የሆነ ክልል። ኤርሳዶ ሐዋሳ ድረስ ሄዶ ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላ ቢሮ ሲመራ ሰነበተ። በመጨረሻ አንድ ኃላፊ፣ ካርታ ላይ መንደሩን በጣቱ ፈልጎ ሲያጣ፣ "የእናንተ ዞን የዘንድሮ ድርሻው አልቋል" አለው። ኤርሳዶ የኃላፊውን ጠረጴዛ በመዳፉ መታውና ዘበኛ አስወጣው። ያን ቀን ነው አንድ ነገር ሆዱ ውስጥ የተተከለው፦ ስማችንን በማያውቅ ሰው እጅ እስካለን ድረስ ሟቻችን አያልቅም።

ስለዚህ ዞናቸው ራሱን ችሎ ክልል ይሁን የሚለው ጥያቄ ሲነሳ ማንም ሊያስረዳው አላስፈለገም። የዞኑን ስም እዚህ መጥራት አያስፈልግም። ያን ሰሞን በደቡብ "እኔም ክልል ልሁን" ያላለ ዞን ጥቂት ነበርና ነገሩ የብዙዎች ነው። የዞኑ ምክር ቤት በእልልታ ወሰነ። ሕጉ በዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ይደረግ ይላል። ዓመቱ አለፈ፤ ሌላም ዓመት አለፈ፤ መልስ የለም። ያኔ ሕዝቡ ራሱ ተነሳ። ከተማው ውስጥ ወጣቱ፣ ገበሬው፣ አስተማሪው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከዚያ የመጣው ነጋዴና ሠራተኛ ኮሚቴ አቋቋመ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ መኩሪያ ይባላል። ቦሌ ፎቅ ላይ ቢሮ ያለው የሕግ አማካሪ ነው። ንግግሩ የሚጥም፣ ሰው ስም የማይረሳ፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ ሰው። ኤርሳዶ በዕድሜ ቢበልጠውም ለትምህርቱ ሲል "እርስዎ" ይለው ነበር። መኩሪያ "ጋሽ ኤርሳዶ" እያለ ትከሻውን አቅፎ ያናግረዋል። ስብሰባ ሲኖር ወንበሩም፣ ድንኳኑም፣ ሞንታርቦውም ከኤርሳዶ ነው፤ ዝናብ ሲሆን መጋዘኑ ራሱ አዳራሽ ይሆናል።

አንድ ቀን ኤርሳዶ የወንድሙን ነገር ለመኩሪያ አጫወተው። መኩሪያ እንባ አቀረረ። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ማይክ ይዞ፣ "ከመካከላችን የአንዱን ወንድም ወንዝ ወሰደው! ለምን? ድልድይ የሚሠራልን ክልል ስለሌለን!" ሲል ሕዝቡ አለቀሰ። ኤርሳዶም አለቀሰ። ከዚያ በኋላ ያ ወንዝ በየንግግሩ ይፈስ ጀመር። ኤርሳዶ ደስ አለው፤ ወንድሙ ቢያንስ ለአንድ ነገር የሞተ መሰለው።

ቤት ውስጥ ግን ክርክር ነበር።

"አባዬ፣ እኔስ የትኛው ክልል ነኝ?" አለችው ሔዋን አንድ እሁድ ምሳ ላይ። "እናቴ መንዝ፣ አንተ እዚያ፣ እኔ ገርጂ። ገርጂ ክልል ይሁን ብዬ ልሰለፍ?"

ዘርፌ ሳቋ አመለጣት። ኤርሳዶ ማንኪያውን ጣለ።

"ለአንቺ ቀልድ ነው! አንቺ በር ላይ አስፋልት አለ። ሲያምሽ ታክሲ አለ። እኔ የማወራው ሰው ስለሚሞትበት አገር ነው።"

"እሱን አልኩ እንዴ? ክልል የሆኑትስ ሁሉም ድልድይ አላቸው ወይ ነው ያልኩት።"

"የራሳችን ሰው ቢበድለን በቋንቋችን እንሰድበዋለን! ይኼም አንድ ነገር ነው።"

አብኔዘር ሳቀ። ያኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ወደ ዞኑ ከተማ ሊመለስ፣ ሒሳብ ሊያስተምር ተመድቦ ነበር። ዝምተኛ ልጅ ነው፤ አባቱን ባያውቅም የአባቱን አገር መርጦ ነው የሚሄደው። ኤርሳዶ በዚህ የሚኮራውን ያህል በምንም አይኮራም።

በመጨረሻ መንግሥት መልስ ይዞ መጣ። ክልል ለብቻችሁ አትሆኑም፤ ከጎረቤት ዞኖች ጋር ተጠቃልላችሁ አንድ አዲስ ክልል ትሆናላችሁ። ክላስተር አሉት። ሕዝቡ ክላስተር የሚለውን ቃል እንደ ስድብ ያዘው። "ከአንዱ ወጥተን ሌላው ቋት ውስጥ!" አለ። ኮሚቴው የቤት መቀመጥ አድማ ጠራ። የመኩሪያ ድምፅ በቴሌግራም ከስልክ ወደ ስልክ ዞረ፦ "ማንም ሱቅ እንዳይከፍት! ማንም ሥራ እንዳይገባ! ወደ ኋላ የሚል ካለ የአባቱን አጥንት ይረግጣል!"

ከተማው ጭር አለ። መንገዱ ላይ ውሻ ብቻ ይሄድበት ነበር ይላሉ። አብኔዘርም እንደ ሁሉም አስተማሪ ቤቱ ተቀመጠ፤ ከቤቱ ደጃፍም ፖሊሶች ወሰዱት። "አድማ አስተባብረሃል" ተባለ። በዚያው ሳምንት ገርጂ መጋዘኑ ውስጥ ስለ እስረኞቹ ለመምከር የተሰበሰቡት ሰዎች ተከበው ተጫኑ። ኤርሳዶም ከእነሱ ጋር ሄደ። ሲሚንቶ ላይ ተኝቶ ከረመ። ዘርፌ ስንቅ ስታመላልስ በር ላይ ከፖሊስ ጋር ያልተጣላችበት ቀን የለም። አቶ መኩሪያ ያን ዕለት ስብሰባው ላይ አልነበረም። ለሕክምና ወጥቷል ተባለ። ኤርሳዶ እስር ቤት ሆኖ "እግዜር ይማረው" እያለ ይጸልይለት ነበር።

ኤርሳዶ ከሳምንታት በኋላ ተፈታ። አብኔዘር ግን ወራት ቆየ። ሲወጣ ዘርፌ ገርጂ በር ላይ ተቀብላ አቅፋ በቀኝ ጆሮው "እንኳን ለቤትህ አበቃህ" ስትለው ዝም አላት። ደግማ አለችው። ከዚያ ዞሮ ግራ ጆሮውን ሰጣት። የቀኙ ጠፍቷል። በጨለማ ክፍል ውስጥ ማን እንደመታው፣ በምን እንደመታው አያውቅም። ኤርሳዶ ያን ቀን አልተቆጣም። ድንኳን ማከማቻው ውስጥ ገብቶ ሸራ ላይ ተቀመጠ፤ ሠራተኞቹ ምሳ ሰዓት ላይ ሲገቡ እዚያው ነበር። ግንባሩ ላይ ምንም አልነበረም፤ ያ ነው ያስፈራቸው።

ትምህርት ቤቱ አብኔዘርን አሰናብቶት ነበር። ምክንያቱ "በሥራ ገበታ ላይ አለመገኘት።"

"እስር ቤት ሆኖ እንዴት ይገኝ!" እያለ ኤርሳዶ ዞኑ ድረስ ሄዶ ጮኸ። የሰማው የለም።

ክረምቱ ሲያልቅ አዲሱ ክልል ተመሠረተ፤ ከእነዚያው ዞኖች ጋር፣ በዚያው ክላስተር። ያ ሁሉ እምቢታ ውሃ በላው። ከተማው እንደገና ሱቁን ከፈተ፤ የሞተው ተቀብሮ፣ የታሰረው ተፈትቶ፣ ሰው አንገቱን ደፍቶ። ሹመት ሲነገር ደግሞ አቶ መኩሪያ የአዲሱ ክልል የቢሮ ኃላፊ ሆነ። ኤርሳዶ በቴሌቪዥን ሲሰማ መጀመሪያ ግራ ገባው። ከዚያ ራሱን አጽናና፤ "ከውስጥ ሆኖ ሊያስተካክለው ነው" አለ። ዘርፌ "የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም" አለችና ቴሌቪዥኑን ዘጋችው።

ኤርሳዶ ደወለ። መኩሪያ አነሳ፤ ይህን መካድ አይቻልም። "የአብኔዘር ጉዳይ ልቤ ላይ ነው ጋሽ ኤርሳዶ፤ በሂደት ላይ ነው" አለ። ደግሞ ደወለ፤ በሂደት ላይ ነው። ከዚያ የሚያነሳው ሌላ ሰው ሆነ፤ "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።" ሒሳብ አስተማሪው ገርጂ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ የወንበር እግር ይጠግን ጀመር። ሰው ከቀኙ ሲጠራው አይሰማም፤ ደንበኛ ንቀት ይመስለዋል።

እንዲህ ባለ ሁኔታ ላይ እያሉ መኩሪያ ራሱ ደወለ። ድምፁ እንደ ድሮው ማር ነው።

"ጋሽ ኤርሳዶ፣ አዲስ አበባ ላለው ተወላጅ የምስጋና በዓል እናደርጋለን። ጎሮ፣ የአንድ ወንድማችን ሰፊ ግቢ አለ። ድንኳኑን ያለ አንተ ማን ይተክለዋል? በዚያው የልጁንም ነገር ቁጭ ብለን እንጨርሳለን።"

ዘርፌ "አትሂድ" አለች። ኤርሳዶ ግን "እንጨርሳለን" የምትለዋን ቃል ይዞ ቀረ። ትልቁን ነጭ ድንኳን አወጣ። ለመድረክ የሚሆኑትን ቀይ መደገፊያ ያላቸውን የክብር ወንበሮች አስጠርጎ ባይሱዙ አስጫነ። አብኔዘርም "እኔም እመጣለሁ፤ እንነጋገር ብሎ የለ?" ብሎ ሸሚዙን ቀየረ።

እሁድ ረፋዱ ላይ ግቢው ሞላ። ከቦሌም፣ ከገርጂም፣ ከኮዬም የመጣ ሰው ነው። የባህል ልብስ የለበሱ ወጣቶች በር ላይ ያስተናግዳሉ። እትዬ ማዕዛ፣ ገርጂ ቅመም የሚቸረችሩት፣ ልጃቸው ከአብኔዘር ጋር ታስሮ የነበረው፣ ፊት መስመር ላይ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀምጠዋል። ኤርሳዶ እንደ ልማዱ ከኋላ፣ ከጄኔሬተሩ አጠገብ ቆሟል፤ አብኔዘር ከጎኑ ነው፤ ግራ ጆሮውን ወደ ሞንታርቦው አዙሯል።

መኩሪያ መድረክ ላይ ወጣ። ሙሉ ልብስ ለብሷል። ሕዝቡን አመሰገነ፤ አባቶችን አመሰገነ። ከዚያ፣

"ከመካከላችን የአንዱን ወንድም ወንዝ ወስዶታል!" አለ። "ያ እንባ ነው ዛሬ ክልል የሆነው!"

ጭብጨባ ሆነ። ኤርሳዶ አላጨበጨበም። ድልድዩ እኮ አልተሠራም። ያለፈው ክረምትም አንዲት ልጅ ወስዷል።

መኩሪያ ጭብጨባው አሞቀው መሰል፣ ከተጻፈለት ወጣ። ፈገግ አለና ማይኩን ጠጋ አደረገው።

"ዛሬ አንድ ምስጢር ልንገራችሁ። ብዙዎቻችሁ ክልሉ የተገኘው በጩኸት ይመስላችኋል። ፖለቲካ እንዲያ አይደለም። ሕዝቡ ቤቱ በተቀመጠበት በዚያ ሳምንት እኛ ከመንግሥት ጋር ጠረጴዛ ላይ ነበርን። አድማው ከመጠራቱ በፊትም ጭምር ነገሩ አልቆ ነበር። አድማው ዋጋችንን ከፍ ለማድረግ ነው! ብልህ ሕዝብ እንዲህ ነው የሚደራደረው!"

የመድረኩ ሰዎች ሳቁ፤ አጨበጨቡ። ከታች ያለው ሕዝብ ግማሹ ስላልገባው አብሮ አጨበጨበ።

አብኔዘር ወደ ኤርሳዶ ዞረ። "ጋሼ፣ በትክክል ሰምቼ ነው? ከመጠራቱ በፊት ነው ያለው?"

የኤርሳዶ የግንባሩ ሥር ተገትሯል። ጎንበስ ብሎ ጄኔሬተሩን አጠፋው።

ሞንታርቦው ጸጥ አለ። መኩሪያ ማይኩን መታ መታ አደረገ፤ "መብራት ሄደ እንዴ?" አለ። ሰው እየሳቀ ዞር ሲል፣ ኤርሳዶ በመካከለኛው መተላለፊያ ወደ መድረኩ እየሄደ ነበር። ግዙፍ ሰው ነው፤ ድምፁ ሞንታርቦ አያስፈልገውም።

"አቶ መኩሪያ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ" አለ። "ለሕክምና ወጥቻለሁ ያሉት ያን ጊዜ ነው?"

"ጋሽ ኤርሳዶ፣ በኋላ እናወራለን..."

"ያን ጊዜ ነው ወይ?"

"በመድረክ ላይ አይሆንም ይኼ፤ ተረጋጋ..."

"አልቋል ብለህ ፈርመህ ስታበቃ ነው 'ሱቅ ዝጉ' ያልከን?" አለ ኤርሳዶ። "እርስዎ" እዚያው ቀረች። "የአባቱን አጥንት የረገጠ ያልከው ድምፅ ያንተ አይደለም? ልጄን ከደጃፉ ሲወስዱት አንተ ሻይ ትጠጣ ነበር? ዋጋችንን ከፍ ለማድረግ? የማን ዋጋ ነው ከፍ ያለው? ና አብኔዘር! ና ጆሮህን አሳየው! ይኼ ነው ዋጋው!"

አብኔዘር ከነበረበት አልተንቀሳቀሰም። ሰው ሁሉ ግን ወደ እሱ ዞሮ ነበር።

"ወንድሜን ወንዝ ወሰደው" አለ ኤርሳዶ። አንድ እርምጃ ወደ መድረኩ ቀረበ። "ወንድሜን ወንዝ ወሰደው፤ ስሙን ግን አንተ ወሰድከው። ከዛሬ ጀምሮ በአፍህ እንዳታነሳው።"

ከመድረኩ ሁለት ሰዎች ሊይዙት ተነሱ። ኤርሳዶ አላያቸውም። አጠገባቸው የነበረውን ቀይ ወንበር አነሳና ለሠራተኞቹ ጮኸ፦ "ጫኑ! ሁሉንም ጫኑ!"

"እብደት ነው ይኼ!" አለ መኩሪያ። "እንግዳ ተቀምጦ?"

"ወንበሬን ልቀቅ" አለው ኤርሳዶ። "ይኼ የእኔ ነው። ሌላ ወንበር ተሰጥቶህ የለ?"

ከዚያ ፊት መስመር ላይ እትዬ ማዕዛ ተነሱ። ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ወረወሩ፤ የተቀመጡበትን ወንበር በሁለት እጃቸው አንስተው እያነከሱ ወደ አይሱዙው ሄዱ። ሠራተኛው ሊቀበላቸው ሲል "ተወኝ፤ እኔው እጭነዋለሁ" አሉት። ከዚያ ዞረው በመድረኩ አንጻር ቆሙና፣ "ልጄ፣ ለመሆኑ ክልል ሆንን ወይስ አልሆንን?" ብለው መኩሪያን ጠየቁት። አጠያየቃቸው የፌዝ አልነበረም። በእርግጥ ሊያውቁ ፈልገው ነው። መኩሪያ ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

ሰው መነሳት ጀመረ። ሁሉም አይደለም። አንዳንዱ "ነውር ነው፣ ነውር ነው" እያለ በአጥሩ በኩል ወጣ፤ አንዳንዱ ኤርሳዶን ሰደበው፤ አንዱ ጎልማሳ በርጩማ ወርውሮ ሳተው። ብዙው ግን ወንበሩን ይዞ ተሰለፈ። ገመዱ ሲፈታ ድንኳኑ በአንድ ጎኑ ተንገዳግዶ ወረደ። ከሥሩ የቀረው ለእንግዶች የተዘጋጀው ምሳ፣ ያልተከፈተ የለስላሳ ሣጥንና በመድረኩ ጣውላ ላይ ቆሞ ስልክ የሚያወራው መኩሪያ ነበር።

ያ ሁሉ በስልክ ተቀርጾ ነበር። እስኪመሽ ድረስ በቲክቶክ አገር አየው። በማግስቱ ግማሹ "ጀግና" አለው፤ ግማሹ "የክልላችን ጠላት" አለው። ከተወላጆች ማኅበር ስሙ ተፋቀ። ስለ ወንዙ በተነገረበት ስብሰባ እያለቀሱ ካቀፉት ሰዎች መካከል አንዱ መገናኛ ላይ አይቶት መንገድ ተሻገረ። ከዚያ ሰዎች መጥተው ፈቃድህን እናያለን አሉና መጋዘኑን አሸጉ። ለረጅም ጊዜ ታሽጎ ቆየ። በዚያ መካከል ሐዘን የገባባቸው ጎረቤቶች ድንኳን ሲሹ ማኅተሙን እያዩ ተመለሱ። ኤርሳዶ በር ላይ ቆሞ "እኔን ይዘጉኝ፤ ሬሳው ምን አደረጋቸው!" እያለ ይጮህ ነበር።

ሔዋን ቪዲዮውን አይታ ምን ትለው ይሆን ብሎ ፈርቶ ነበር። ከሥራ መጥታ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ አቀፈችው። "ግን አባዬ" አለች ደረቱ ላይ ሆና፣ "በቋንቋችሁ መስደብ ነበረብህ፤ ብለህ ነበር እኮ።"

"ተናድጄ አማርኛው ቀደመኝ" አለ። ሦስቱም ሳቁ፤ ዘርፌ ብቻ ሳቋን ዓይኗን በመጥረግ ጨረሰችው።

ሽማግሌ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሦስት የተከበሩ ሰዎች፤ ሁለቱን ኤርሳዶ ከልጅነቱ ያውቃቸዋል። ዘርፌ ወንበር አቀረበች። ብዙ ከተባለ በኋላ ነገሩ ወጣ። አቶ መኩሪያ ቂም አልያዘም። ኤርሳዶ በአጭር ቪዲዮ "ስሜታዊ ሆኜ ነው፣ ይቅርታ" ቢል፣ የመጋዘኑ ነገር ይስተካከላል፤ አብኔዘርም በሚቀጥለው ወር ክፍሉ ውስጥ ይሆናል።

ኤርሳዶ ሊጮህ አፉን ሲከፍት ዘርፌ ጉልበቱን ያዘችው። "ይኼ ያንተ ብቻ አይደለም" አለችው ቀስ ብላ። "የልጁ እንጀራ ነው።"

እውነቷን ነበር። ኤርሳዶ ጥርሱን ነከሰ። ወደ አብኔዘር ዞሮ፣ "ማስተማር ከፈለግህ እለዋለሁ" አለ። "እምላለሁ፣ እለዋለሁ። ትሞትልኛለህ ብትለኝ እሞታለሁ፤ ይቺን ማለት አያቅተኝም።"

አብኔዘር ወንበሩን ዞር አድርጎ በግራ ጆሮው ለሽማግሌዎቹ ቀረበ።

"አባቶቼ፣ እግዜር ያክብርልኝ" አለ። "ማስተማር እፈልጋለሁ። ግን ሥራዬ በጋሼ ይቅርታ የሚመለስ ከሆነ፣ የተወሰደውም በሕግ አልነበረም ማለት ነው። እንዲያ ከሆነ ደግሞ ነገ ሌላ ሰው ሲቆጣ እንደገና ይወሰዳል። ፍርድ ቤት እሄዳለሁ። ለአቶ መኩሪያ ይህንኑ ንገሩልኝ።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ "ፍርድ ቤት ረጅም ነው ልጄ" አሉ።

"አውቃለሁ" አለ አብኔዘር።

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ኤርሳዶ በር ድረስ አልሸኛቸውም። ሕይወቱን ሙሉ ሽማግሌ ሳይሸኝ የቀረው ያን ቀን ብቻ ነው።

መጋዘኑ ከብዙ ምልልስ በኋላ ተከፈተ። አብኔዘር ቡልቡላ ውስጥ አንድ ትንሽ የግል ትምህርት ቤት ተቀጠረ፤ መጀመሪያ ቀን ለተማሪዎቹ "በቀኜ በኩል የምትጠይቁኝ እጃችሁን አውጡ፤ ድምፃችሁን አልሰማም" ብሎ ነገራቸው። ክሱንም መሠረተ። ሔዋን ጠበቃ ፈለገችለት፤ ቀጠሮ ሲኖር ከሥራ ፈቃድ እየጠየቀች ኤርሳዶን አስከትላ ዞኑ ድረስ አብራው ትሄዳለች። የመንግሥት ሰዎች አንዴ ሳይቀርቡ ይቀራሉ፤ አንዴ መዝገቡ አልተሟላም ይባላል። እስካሁን አልተፈረደም።

ከእነዚያ ቀጠሮዎች በአንዱ ዳኛው አልመጣም ተብሎ ሲመለሱ፣ አውቶቡሱ አዲስ አበባ ካገባቸው በኋላ ልጆቹ ወደየሥራቸው ሄዱ፤ ኤርሳዶ ብቻውን መገናኛ ላይ የገርጂ ታክሲ ተሳፈረ። አጠገቡ የተቀመጠች ሴት ግንባሩን አይታ "አባቴ፣ ያምዎታል እንዴ?" አለችው።

"አያመኝም" አለ። "ተናድጄ ነው።"

"ምን ሆነው?"

ነገራት። ከወንዙ ጀምሮ ነገራት። ታክሲው ውስጥ ያለው ሰው ወሬውን እያቆመ አንድ በአንድ መስማት ጀመረ። ከኋላ ወንበር አንዱ "የእኛም ዞን እንደዚያው ነው የሆነው" አለ፤ ሌላው "ዝም ብላችሁ ነዋ!" አለ፤ ክርክር ተነሳ። ኤርሳዶ ድምፁን ከሁሉም በላይ አወጣ።

ረዳቱ "አባት፣ ገርጂ አለፈ!" አለው።

"ይለፍ!" አለ ኤርሳዶ፤ ወደ ሴትየዋም ተመለሰ። "እና እልሻለሁ፣ ነገሩ አልቆ ነበር ሲል አያፍርም እኮ፤ ይስቃል..."